የሶር ውሃ ባሮ ላይ

በባሮ ወንዝ ላይ በሞተር ጀልባ ነጂነት በተቀጠርኩበት ቀን፣ አለቃዬ ጋሼ ኡጁሉ ሞተሩን አላስነኩኝም። ረጅም ዘንግ ሰጡኝና፣ «ጥልቀቱን እየለካህ ዋል። በበጋ አሸዋው ቦታ ይቀይራል» አሉኝ። ጋምቤላ ያኔ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ እኔም ከመቱ ወርጄ ሙቀቱን ገና አልለመድኩትም።

ሥራችን ሰውና ዕቃ ማሻገር ነበር። ውሃው ሲጎድል ግን ወንዙ መሃል የአሸዋ ደሴቶች ብቅ ይላሉ። በበዓል ቀን ከመቱና ከጎሬ የሚመጡ ሠራተኞችን እዚያ ወስደን እናዝናናለን። የጋሼ ኡጁሉ ትእዛዝ አንድ ነው፦ ሰው የሚወርደው ሰፊዋ ደሴት ላይ ብቻ። ትንሿን ከሩቅ አሳይተን እንመለሳለን፤ አዞ አያጣትም።

ሞተሩን ካስረከቡኝ በኋላ፣ አንድ በዓል የሆስፒታል ሠራተኞች ከመቱ መጡ። ሰፊዋ ደሴት ላይ በሉ፣ ዘፈኑ፣ ኳስ ተጫወቱ። እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ልብስ አጣቢ ግን ምግቡን ሳይነኩ ውሃውን ያያሉ።

«የኔ ልጅ፣ የመቱው ወንዝ፣ የሶር ውሃ እዚህ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይደርሳል እትዬ። ዞሮ ዞሮ ባሮ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ባላቸውን በክረምት ሶርን ሲሻገሩ ውሃ እንደወሰዳቸው፣ አስከሬናቸውም እንዳልተገኘ ነገሩኝ። «የማለቅስበት መቃብር የለኝም። እስቲ ሰው የሌለበት አውርደኝ።»

ሰው የሌለባት ትንሿ ናት። ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ ብቻቸውን ወሰድኳቸው። ቀድሜ ወርጄ ዳር ዳሩን ውሃውን በዘንግ እየመታሁ ፈተሽኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም።

ጫማቸውን አውልቀው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ውሃውን በእፍኛቸው ዘግነው ፊታቸውን አበሱበት። እሪ ይላሉ ብዬ ነበር፤ አላሉም። በባላቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ «ነጋን ቡሊ» አሉ፤ በሰላም እደር ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አሁን ራበኝ» አሉ።

ጋሼ ኡጁሉ ከዳር ሆነው አይተውን ኖሯል። «ለምን ወሰድካቸው?» ብለው ተቆጡ። ነገርኳቸው። ዘንጌን ከእጄ ተቀበሉና፣ «እኔን አትጠራም ነበር? ሁለት ዘንግ ይሻላል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ከመጫኔ በፊት የት መውረድ እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው «የትም» ይላል። አንዳንዱ ግን የሚሄድበት ቦታ አለው።