የኪራይ የእህት ልጅ

ቤት ማከራየት እንዴት እንደሚጀመር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ክልክል ነበራ! ትርፍ ቤት ከተወረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚያከራየው ቀበሌ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ባሌ ሞቶብኝ ከአንድ ልጄ ጋር ጂንካ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ቀርቻለሁ። ከጓሮ ሽንኩርት የማስቀምጥባት አንዲት ክፍል ነበረችኝ። አንድ ቀን ሽንኩርቱን አወጣሁ፣ ግድግዳውን በጭቃ መረግሁ፣ በሩ ላይ ቁልፍ አንጠለጠልኩ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። መንገድ ወጥቼ "የሚከራይ ቤት አለ" ብዬ አልጮህ ነገር!

መላውን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። "ምን ያስጨንቅሻል? የእህቴ ልጅ ነው በይ። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ በሰፈራችን የእህት ልጅ ያልተቀመጠበት ቤት አልነበረም። የእኔ ችግር እህት የሌለኝ መሆኑ ነው። እናቴ አራት ወንድ ወልዳ በእኔ ነው የጨረሰችው።

ተከራዬ ከበና አገር፣ ከካኮ የመጣ፣ ገበያው በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ወጣት ነበር። አፉን የፈታው በበና ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም "ነው" ይላል። ቀበሌ ወስጄ በቤተሰብ ቅጹ ላይ የእህቴ ልጅ ብዬ አስመዘገብኩት። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ፣ እሱን አየው፣ ጻፈ። ከኅብረት ሱቁ የምናገኘው ስኳር በአንድ ሰው ጨመረ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ እናቱ ማር በቅል ይዛ ከካኮ መጣች። በሩ ላይ ሳገኛት ጸሐፊው በመንገዱ ሲያልፍ አየሁት። ምን ላድርግ? "እህቴ!" ብዬ ጮህኩና ተጠመጠምኩባት። አማርኛ አትችልም፤ ምስኪን፣ ከልቧ አጥብቃ አቀፈችኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለጸሐፊው ብዬ ይሁን ለእሷ፣ ለራሴም አልገባኝም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። "ከእርስዎ ቤት ሁለት ወጣት ተመዝግቧል። አንዱ ይሄዳል፤ የትኛው እንደሆነ ነገ ያሳውቁን" አሉኝ የቀበሌው ሰዎች። ልጄ ገና አሥራ ስምንት ዓመት መሙላቱ ነው። እውነቱን ብናገር ክፍሏም ትወሰዳለች፣ እኔም እጠየቃለሁ፣ ከሁሉም በላይ በቅጹ ላይ የሚቀረው ወጣት ልጄ ብቻ ይሆናል። ዝም ብል የሰው ልጅ በልጄ ፈንታ ይሄዳል። ለማን እንደማዝን ግራ ገባኝ። ሲነጋ ግን ልናገር ቆርጬ ሁለቱንም አስከትዬ ቀበሌ ሄድኩ።

"ጓድ፣ ይሄ ልጅ እኮ…" ብዬ ስጀምር ጸሐፊው ሳቀ።

"እናቴ፣ እርስዎም ሊጀምሩ ነው? ለስኳሩ የእህት ልጅ፣ ለዘመቻው ተከራይ! ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛዋ ነዎት።" ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። "አንተ ተናገር። ምንህ ናቸው?"

ልጁ አየኝ። ቀጥሎ ልጄን አየ።

"አክስቴ ነው" አለ። "እኔ እሄዳለሁ።"

ማንም በአማርኛው አልሳቀም። እኔም "ተከራዬ ነው" አላልኩም። እዚያ ቆሜ ዝም ያልኩትን ዝምታ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ልጄ ስለቀረልኝም ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ያን ልጅ ምን እንዲያ እንዳሰኘው ግን አላውቅም። በየማታው እራት ከእኛ ጋር ስለሚበላ ይሆን? ያን ቅዳሜ እናቱን ስላቀፍኳት ይሆን? እቅፉ ማስመሰል እንደነበር ያውቅ ነበር እኮ! ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ የጀመረውን የልጄን ሱሪ ሰፍቶ ጨርሶ ሄደ።

እናቱ በወሩ ማሯን ይዛ መጣች። የሚያስተረጉም ጎረቤት ጠርቼ ነገርኳት፤ የተናገርኩት ግን ግማሹን ብቻ ነው። እሷም ያው እንደ ፊተኛው አቀፈችኝ። ምነው በሰደበችኝ አልኩ።

ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ወታደር በእግሩም በመኪናም ይመለስ ጀመር፤ እኔም መኪና በቆመ ቁጥር እወጣለሁ። እሱ የለም። አንድ ቀን አዲስ የተመደበ መምህር በሬን አንኳኳ።

"እትዬ፣ ያቺ የጓሮ ክፍል ባዶ ናት ሲሉኝ ነው። አሁንማ ማከራየት ማን ይከለክላል ብዬ…"

የሚፈራ ቀበሌ አልነበረም። እውነቱን ብናገር የሚጠይቀኝ የለም። ልጄ ከኋላዬ ቆሟል።

"ባዶ አይደለችም፣ የእህቴ ልጅ ክፍል ናት" አልኩት።

ልጄም "አዎ፣ የአክስቴ ልጅ ነው" አለው።