ሻለቃው ዳገት ሲወጣ

እንደሻውን ስለ ጤናው ብትጠይቁት ስለ ሞተር ነው የሚመልስላችሁ። ጉንፋን ሲይዘው «ሞተሬ ቀዝቅዟል» ይላል፤ ሲርበው «ነዳጅ ጨርሻለሁ» ይላል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ «ድሮም ፒስተኑ ተበልቶ ነበር» ይላል። እኔ ጽጌ እባላለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቢሯችን አቦከር ነው፤ የእኔም የእሱም ቤት ፈላና በር፣ ከሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ። ስለዚህ ቀን በቢሮ መስኮት፣ ማታ በግድግዳ ማዶ ስለ ሲሊንደር ስሰማ ኖሬአለሁ።

እንደሻው በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ የጦር ካሚዮን ይነዳ ነበር። እሱ እንደሚያወራው ከሆነ ጦርነቱን ያሸነፈው የእሱ ሞተር ነው። እናቱ እማማ ገላነሽ ግን የሚያምኑት ሌላ ነው። ያላቸው አንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ዘምቶ ድምፁ የጠፋ ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ። «ልጄን በሕይወት መልስልኝ እንጂ ጥላ አስገባልሃለሁ፤ እሱ ራሱ በገዛ እጁ ይዞ ያስገባልሃል» አሉ። ልጁ ጣቱ እንኳ ሳይጎድል ተመለሰ። ጥላው ተገዛ፤ ዘርፉ ወርቅማ የሆነ ቀይ ከፋይ። ከዚያ ወዲህ አልጋቸው ራስጌ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ታኅሣሥ ይመጣል፣ ታኅሣሥ ይሄዳል።

ምክንያቱም እንደሻው ተራ ሰው አይደለም። «እማዬ፣ እኔ ሹፌሩ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥዬ ቁልቢ አልሄድም። አንቺን ፊት ወንበር አስቀምጬ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው። መኪና ይምጣ፣ ታያለሽ» ይላቸዋል። መሥሪያ ቤቱ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ኃላፊያችን ጓድ ግርማ ደግ ቀን ላይ ውለው «ውሰዳትና እናትህን አድርሳቸው» ሲሉት፣ «ዳገት ላይ እያሳለች ሰው ሊስቅብኝ?» ብሎ ተወው። እማማ ገላነሽ ለእኔ ብቻ ቀስ ብለው «ጽጌ፣ የገብርኤልን ዕዳ ይዤ ብሞት ምን እለዋለሁ?» ይሉኛል። እኔ ምን ልበላቸው? ልጅዎ ማርሽ እየመረጠ ነው ልበላቸው?

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ገደማ መኪናው መጣ። የውሃ ሥራ ሲያግዙን የነበሩ ፈረንጆች ጨርሰው ሲሄዱ ሁለት ትልልቅ የመስክ መኪናዎች ትተው ሄዱ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የድሬዳዋው ቅርንጫፍ ይሁን፤ ምርጫው ለሐረር ተሰጥቷል ተባለ። አንደኛው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ጠጪ፣ ረጅምና ሰፊ ነው፤ ሲነሳ የቢሯችን መስታወት ይርገበገባል። ሁለተኛው ባለ አራት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ፍጥነት የሌለው፣ ግን የትም ቦታ የሚዞር ነው። ሠራተኛው ትልቁን «ሻለቃው»፣ ትንሹን «አሥር አለቃው» አላቸው።

የእኛ ሥራ ምን መሰላችሁ? ጀጎል ውስጥ የተሰበረ ቦኖ ውሃ መጠገን ነው። ቧንቧና ሲሚንቶ ጭነን ሁለት አህዮች ሲገናኙ አንዷ ወደ ኋላ በምትመለስበት መንገድ መግባት ነው። እንደሻው ግን ጓድ ግርማን ሻለቃው ላይ ጭኖ ሐኪም ተራራ ላይ አወጣቸው። ሲመለሱ ጓድ ግርማ የፊታቸው መልክ ተለውጧል፤ ከመኪናው የወረዱት ደረታቸውን ነፍተው ነው።

በሳምንቱ ውይይታችን ላይ ጉዳዩ ቀረበ። እንደሻው ተነሥቶ ስለ ፈረስ ጉልበት ንግግር አደረገ። ከእሱ ቀጥሎ ቧንቧ ሠራተኛው ሳኒ እጁን አወጣ።

«ጓድ ግርማ፣ ወላሂ እኔ ጉልበት አልጠላም» አለ። «ግን ሻለቃው ፈላና በርን አልፎ በየት ይዞራል? በሰው ግቢ?»

እኔም የነዳጅ ኩፖናችን ሻለቃውን እስከ ወር መጨረሻ እንደማያደርሰው ተናገርሁ።

«ጉልበት ባትፈልጊውም ይኑር!» አለ እንደሻው። «ዳገት ቢመጣስ?»

«ፈላና በር ላይ ዳገት ከየት ይመጣል?» አለ ሳኒ።

ጓድ ግርማ ጠረጴዛውን መቱ። «አብዮቱ ወደ ፊት በሚገሰግስበት በዚህ ወቅት ጓድ ሳኒ ስለ መንገድ መጥበብ ይሰብከናል! መንገዱ ነው ወይስ አመለካከቱ የጠበበው?» አሉ። ሳኒ ወዲያው ግለ ሂስ አደረገ፤ የጀጎልን መንገድ ጥበት አጋንኖ በማቅረቡ ተጸጸተ። ድምፅ ተሰጠ። ሻለቃው በሙሉ ድምፅ አለፈ። የእኔም እጅ ወጥቷል፤ ያን ጊዜ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር መውጣት ይችል ነበር።

ሻለቃው በመጀመሪያው የሥራ ቀን ከፈላና በር ወደ ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ተሰነቀረ። ወደ ፊት አይሄድ፣ የመኪናው በር አይከፈት፣ እንደሻው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ክላክስ ይነፋል። ጎረቤታችን ሐሊማ ደጇ ላይ ቆማ አየችው፣ አየችውና፣ «እንደሻው፣ ልትገባ ነው እንዴ? ምንጣፉን ላንሳልህ?» አለችው። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ወደ ኋላ ሲወጣ የሐሊማን ግድግዳ ልጦ፣ የሻለቃውን አንድ መስታወት እዚያው ጥሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻለቃው ከግንቡ ውጭ ይቆማል፣ ሳኒ ቧንቧውን በትከሻው ይዞ ይገባል። ኩፖኑ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ያኔ እንደሻው ሞተር ያጠፋና መሪውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ በአጠገቡ ሰው ሲያልፍ ማርሽ ይለውጣል።

እማማ ገላነሽ ግን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «ዘንድሮ ፊት ወንበር ነኝ» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ጥላውን አውርደው አቧራውን አራገፉ። ለመኪና የሚሆን ነው ብለው አዲስ ጫማ ገዙ፤ በመንገድ አያደርጉትም፣ ቤት ውስጥ ያደርጉትና አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ያዩታል።

ያላሰብነው ነገር ይህ ነበር። በዚያ ዘመን ጥሩ መኪና ይዞ አደባባይ መውጣት መኪናውን በገዛ እጅ ማስነጠቅ ነው። ከክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣኖች አንዱ፣ ጓድ አባይነህ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ሻለቃውን አይተው «ይኼ የማነው?» አሉ። በሳምንቱ ሻለቃው ከነሹፌሩ ለእሳቸው እንዲመደብ ከበላይ ታዘዘ። አሥር አለቃውን ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያየዋል! እኛ ወደ አሮጌዋ ፒካፕ ተመለስን። ጓድ ግርማ ይህንንም በሙሉ ድምፅ ደገፉት። እንደሻው ግን የተሾመው እሱ መሰለው፤ ሱፍ አሰፋ፣ ክራባት አሰረ፣ ለእኔ ሰላምታ የሚሰጠኝም በክላክስ ሆነ።

የቁልቢ ንግሥ ሲቃረብ ለእናቱ እንዲህ አላቸው፦ «እማዬ፣ ለአስቸኳይ የመንግሥት ተልዕኮ ታዝዣለሁ። ለሐምሌው እንሄዳለን።»

«የት ነው የታዘዝከው ልጄ?»

«እሱ ምስጢር ነው።»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይህን ብሏቸው ሄደ። እማማ ገላነሽ ያን ሌሊት ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ጠዋት ግን በሬን አንኳኩ፤ ጥላውን ይዘዋል፣ ውሃ የሞላች ትንሽ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለዋል፣ የመኪናውን ጫማ አድርገዋል። «ሐምሌ ድረስ መኖሬን ማን ያውቃል? እኔ አስገባለታለሁ፤ ገብርኤል ይረዳኛል» አሉኝ። ብቻቸውን እንዴት ልልቀቃቸው? ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቅ ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኋቸው።

በእግራችን አወዳይን አለፍን። ዓለማያ ሐይቅ ስንደርስ የእማማ ገላነሽ እግር በአዲሱ ጫማ አብጦ መራመድ አቃታቸው። መንገድ ዳር ተቀምጠን ሳለ ከኋላችን አንድ መኪና ዱግ ዱግ እያለ መጥቶ ቆመ። አሥር አለቃው ነበር! የድሬዳዋው ሹፌር ለማ የሚስቱን ዘመዶች ከሐረር ሊያመጣ ሄዶ፣ መንገድ ላይ ያገኛቸውን አሮጊቶች ሁሉ ሰብስቦ ወደ ቁልቢ እየሄደ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉላቸው እናቶቼ» አለ፤ ገባን። አሥር አለቃው በዳገቱ ሁሉ ቀስ ይላል፤ ግን አይቆምም፣ አይሞቅም፣ አያኮርፍም። እማማ ገላነሽ ሰው መሐል ተጨናንቀው ጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «ይህቺ መኪና የተባረከች ናት፤ ስሟ ማነው?» አሉ። ነገርኋቸው። «እና ለምን አልሾሟትም?» አሉኝ።

ቁልቢ ስንቃረብ ሕዝቡ መንገዱን ሞላው። መኪናው ሁሉ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ለማ ሜዳ ላይ አቆመና የቀረችውን ዳገት በእግራችን ጀመርናት። ግማሹ ላይ ስንደርስ፣ መንገዱ መሐል፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎት እየተፋ የቆመ አንድ ትልቅ መኪና አየን። ስድስቱም ሲሊንደር በአንድነት ፈልተዋል። ሲቆም ሲነሳ፣ ሲቆም ሲነሳ፣ ለእሱ የሚሆን መንገድ ጠፍቶ ነው እንዲህ የሆነው። እንደሻው ክራባቱን ወደ ጀርባው ጥሎ ሞተሩን በባርኔጣው ያራግባል። ከኋላ መስታወቱን ዘግታ እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች፤ የጓድ አባይነህ ባለቤት ማርታ ናት። ባሏ በየስብሰባው ስለት የኋላ ቀሮች ነው እያለ ጆሯችንን ሲያደነቁረው፣ እሷ ጭኗ ላይ ከእማማ ገላነሽ ጥላ የሚበልጥ ጥላ ይዛለች። ምስጢሩ ተልዕኮ ይህ ነበር።

እማማ ገላነሽ ሴትየዋን አላዩም። ያዩት ልጃቸውን ነው። መንገዱ ላይ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ልጄ! መጣህልኝ! ገብርኤል፣ አንተ ነህ ያመጣህልኝ!» እያሉ ሮጡ፤ ባበጠ እግራቸው ሮጡ። ላቡን በነጠላቸው ጠረጉለት። ለእሳቸው ሲል ትእዛዙን ጥሎ የመጣ መስሏቸዋል። ጥላውን ከጨርቁ ፈትተው ዘረጉለት። «በል ያዝ። ደርሰናል እኮ፤ ያው ጉልላቱ።»

እንደሻው ጥላውን አየ፤ መስታወቱን አየ። «እማዬ፣ ቆይ... ሞተሩ ሞቋል።»

«ይሙቅ፤ እሱ ቆሟል፣ አንተ ና እንጂ።»

መስታወቱ ትንሽ ዝቅ አለ። «ሹፌር! ሰው እንዳይጠጋ አላልኩህም? ማናት እሷ?»

እንደሻው እንደ ወታደር ተገትሮ ቆመ። «ማንም አይደሉም እመቤቴ» አለ፤ ጓድ ማለቱ እንኳ ጠፍቶበት። «የሰፈር ሰው ናቸው።»

አፌን ልከፍት ስል እማማ ገላነሽ ክንዴን ጨበጡኝ። እኔ እሱን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ይለኛል። እሳቸው ግን ጥላውን ቀስ ብለው አጠፉ። ጀሪካኗን ከጀርባቸው አውርደው ኮፈኑ ሥር አኖሩለት። «እንካ፣ ለመኪናው አጠጣው» አሉት። ተቀበለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየንም።

ሻለቃውን እዚያው ትተነው ወጣን። ሕዝቡን ተጋፍተን ስለት ከሚቀበሉት ቄስ ዘንድ ደረስን። እማማ ገላነሽ ጥላውን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው አቀረቡ።

«ለማን የተሳሉት ነው እናቴ?» አሉ ቄሱ።

«ጦር ሜዳ ሄዶ በደህና ለተመለሰ።»

«ልጅዎ ነው?»

እማማ ገላነሽ ጥላውን ቄሱ እጅ ላይ አኖሩ።

«አይ፣ አባቴ» አሉ። «የሰፈር ሰው ነው።»