ሁለት ሥራ ያላቸው አግዳሚዎች

ባለቤቴ የሞተ ቀን ትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮቹን ላከልን። የተሠሩት በእኛው ብረታ ብረት ቤት ነው፤ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወደ ድሮው መንደር በሚወስደው መንገድ ዳር። በርና መስኮት እንሠራለን፣ አትላስ አካባቢ ካሉ ሆቴሎች ደግሞ የጠረጴዛ እግር እንታዘዛለን። እኔ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ ዕቃ እገዛለሁ። እሱ ይለካል፣ ይቆጣል።

ይቆጣል ስል ቀልዴን አይደለም። ሜትሩ ቦታው ካልተመለሰ ይቆጣል፣ ሻይ ከቀዘቀዘ ይቆጣል፣ መብራት ሲጠፋ እኛ ያጠፋነው ይመስል ከመንገድ ማዶ እየጮኸ ይመጣል። ሰፈሩ ድምፁን ለምዶት ነበር፤ እሱ ዝም ያለ ቀን ጎረቤት «ምነው ደህና አይደለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ወንበሮቹን ያሰባቸው እሱ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍል ነበረው፣ መቀመጫ ግን አልነበረውም። እድራችን ደግሞ መቀመጫ ፈልጎ ማስቀመጫ አጣ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የድንኳን ዕቃ የት ይከተታል? ባለቤቴ ሁለቱን ችግሮች አጋባቸው። በራሳችን ብረትና ጣውላ ረጃጅም አግዳሚዎች አሠርቶ ለትምህርት ቤቱ ሰጠ፤ ለቅሶ ሲኖር እድሩ ይወስዳል፣ ከሠልስት በኋላ ይመልሳል። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» እያለ ሰፈሩን አሰለቸ። ከዚያ በኋላማ የትምህርት ቤቱ ነገር ለእኛ ሆኖ ቀረ። የመጻሕፍት መደርደሪያው፣ የሽንት ቤቱ በር፣ የውኃ ታንከሩ መቆሚያ፣ ሁሉም ከእኛ ቤት ወጣ። ሥራ በበዛበት ሰሞን ሠራተኞቹ ሲያጉረመርሙ «ልጆቹ ነገ ቤት ይሠራሉ፣ በር የሚያሠሩት ማን ጋ ይመስላችኋል?» ይላቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ተሳስቷል፤ ተሳስተሃል ቢሉት ግን አይሰማም። አግዳሚዎቹን የለካው በእድሩ ዳኛ ነው። ዳኛው ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያመርቱ የነበሩ፣ ቁመታቸው የበር ጉበን የሚነካ አዛውንት ናቸው። ለእሳቸው የተመቸ ወንበር ለአፀደ ሕፃናት ልጅ ግድግዳ ነው። ርእሰ መምህርቷ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ትመጣና እግሮቹን እንዲያሳጥርላት ትለምነዋለች። እሱም መልሱ አንድ ነው።

«ልጅ ያድጋል። የሽማግሌ ጉልበት ግን አንዴ ከታጠፈ አይዘረጋም።»

ሁሉም ይስቃል። እሷም ሻይዋን ጠጥታ ትሄዳለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። እኔ ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ አላለቀስኩም። እንባ እንቢ አለኝ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሰው ሲያቅፈኝ የሹራቡን ሽታ አስተውላለሁ፣ ሲያለቅሱ የማን ድምፅ እንደሚቀጥን እሰማለሁ። ሴቶቹ «ደንዝዛለች» ተባባሉ። ልክ ናቸው፣ ደንዝዤ ነበር። የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር፤ ቤቱ የእኔ ባይሆን ኖሮ ተሰናብቼ እወጣ ነበር።

ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ስለምቀመጥ አግዳሚዎቹን ያየኋቸው ከሥር ነው። ማስቲካ ተለጣጥፎባቸዋል፣ በምስማር የተጫሩ ፊደላት አሉባቸው። አንዱ «ሀ» ተገልብጧል።

በሁለተኛው ቀን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ልጇን ይዛ መጣች። አፀደ ሕፃናት የምትማር፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት። ድንኳኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ቀጥ ብላ የእድሩ ዳኛ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ እዚህ እኮ የእኔ ቦታ ነው።»

እናቷ አፏን ልትይዛት ተነሳች። ዳኛው ግን ጠጋ አሉላትና «እንግዲህ ውጪያ» አሏት። ልጅቷ በሆዷ ተንጠላጥላ፣ ተፍጨርጭራ ወጣች። እግሯ አየር ላይ ቀረ። አንደኛው ጫማዋ ወልቆ እኔ ፍራሽ ላይ ወደቀ፤ አንስቼ ያዝኩት።

«ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ላይ ተቀመጥሽ?» አልኳት። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ካርቶን ላይ።»

«ይሄኛው ይሻላል?»

አሰበችበት። «ይሄኛው እግሬን ያደነዝዘኛል።»

«ሲደነዝዝሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እመታዋለኋ» አለችና ጭኗን በቡጢ ደለቀችው።

እናቷ በሐፍረት ይዛት ወጣች። ጫማው እኔ እጅ ቀረ።

ሠልስት ካለፈ በኋላ ወንበሮቹን ሊመልስ የመጣውን የአይሱዙ ሹፌር ወደ ሥራ ቤታችን እንዲነዳ ነገርኩት። በያጃችን ከባለቤቴ ጋር ከመጀመሪያው ጀምሮ የሠራ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል ሰው ነው። ምን እንደምፈልግ ስነግረው የብረት መቁረጫውን ግራይንደር መሬት አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ይሄ የጋሼ ልክ ነው። እኔ አልነካውም።»

«ጋሼ ያለህን ሁሉ ትሰማ ነበር?»

«አልሰማም። ግን ይቆጡኝ ነበር።»

ሜትሩን ከተሰቀለበት አወረድኩ። የጎረቤቴን ልጅ ጫማዋን ልመልስላት ስሄድ ይዣት መጥቼ ነበር፤ ከጉልበቷ እጥፋት እስከ ተረከዟ ለካሁና የእግሩ ቱቦላሬ ብረት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። በያጁ እኔንም ምልክቱንም አየ፤ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ።

የመጀመሪያው አግዳሚ በአንድ ወገን እንደተቆረጠ መብራት ጠፋ። ሠራተኞቹ በር ላይ ወጥተው ቆሙ። እኔ እዚያው ያጋደለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አጭሩ እግር ያንሸራትተኛል፣ ወደ ላይ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ያንሸራትተኛል። ጆሮዬን ወደ መንገዱ አዘንብዬ እንደነበር የገባኝ መብራቱ ሲመጣ ነው። ምን እሰማ እንደነበር ግን ራሴንም አልጠየቅኩም። ሥራው ቀጠለ።

የእድሩ ዳኛ ወሬው ደርሷቸው መጡ። የተቆረጡትን እግሮች በከዘራቸው ገፋ ገፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያሳጠርኩ ነው አባባ።»

«ባልሽ ቃል ገብቶልን ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን እናንተ ሰው ሲሞት ነው የምትቀመጡበት፤ እነሱ በየቀኑ ነው። ለእድሩ ሌላ እሠራለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ።»

«እድሩ ይነጋገርበታል» አሉና ሄዱ። በእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። እድር ያኮረፈው ሰው ሬሳው ማን ላይ እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል። በያጁ ፊቴን አየ፤ እኔ ግን ያልፈራሁት ደፋር ሆኜ አይደለም፣ ፍርሃቱም እንደ ሌላው ነገር አልደርስ ብሎኝ ነው።

ወንበሮቹን ቀለም አስቀብተን ወሰድን። ልጆቹ ተጋፍተው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ርእሰ መምህርቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጥርሰ ወላቃዋ «ደረሰ» አለችኝ፣ እግሯን እያሳየችኝ። «ጎሽ» ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ስለ በር የሚነጋገር ደንበኛ ይጠብቀኝ ነበር።

አርባው ደረሰ። ለእድሩ ያልኩት ወንበር ግማሹ እንኳ አላለቀም፤ ድንኳኑ ውስጥ የተደረደሩት እነዚያው አጫጭሮቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው መግቢያው ላይ ቆሙና ተያዩ። ይመለሳሉ ብዬ ነበር። ዳኛው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ላይ ደረሰ። ሌሎቹም ተከተሉ። ያ ሁሉ የተከበረ ሰው ትምህርት ሊጀምር የመጣ መሰለ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

የዳቦ ትሪ ይዤ ፊታቸው ቆሜ ነበር። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ፣ ቁጣ ፊታቸው ላይ የለም።

«ባልሽ ይሄን ቢያይ ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮህብሽ ነበር።»

«አዎ አባባ፣ ይጮህብኝ ነበር» አልኩ።

እንዳልኩ ጆሮዬን ወደ መንገዱ አዘነበልኩ። ከመንገድ ማዶ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ግራይንደሩ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ስጠብቅ የኖርኩት የባሌን ጩኸት ነበር። ልኩን ቆርጬበታለሁ፣ ቃሉን አፍርሼበታለሁ፣ አሁንስ እንዴት ዝም ይላል? ዝም አለ። ትሪውን አስቀመጥኩና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ።

ሌሎቹም ሴቶች ምግብ ሊያወጡ ወጥተው ነበር። ዳኛው ሊያባብሉኝ ብለው ከዘራቸውን ተከሉ፣ ተንጠራሩ፣ ግን መነሳት አቃታቸው። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ተዉትና ከተቀመጡበት ሆነው እጄን ያዙኝ። የሽማግሌ ጉልበት አንዴ ከታጠፈ አይዘረጋም። በዚህስ ልክ ነበርክ ልለው ፈለግኩ።