በድንጋይ የተያዘ ተራ

የልጅ ልጄ ሀያት ነርስ ናት። ባለፈው ሳምንት ከምትሠራበት ከደሴ መጥታ ስልኳን አልጋው ላይ ወረወረችና ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ውጭ አገር ሄዳ ለመሥራት ካመለከተች ቆይታለች። «የዘንድሮው ኮታ ሞላ፣ እማዬ። የኔ ማመልከቻ ገና ወረፋ ላይ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የምታውቀው አንድ ሰው ወደ ፊት ሊያሳልፋት እንደሚችል ነገረችኝ።

«ከማን ፊት?» አልኳት።

ይህን ስጠይቃት አያ ደምሴ ትዝ አለኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። ኮታ ሲባል እኛ የምናውቀው ገበሬው ለመንግሥት የሚያስረክበውን እህል ነበር። የሰው ኮታ መኖሩን የሰማሁት ያን ዓመት ነው። ባሕር ማዶ፣ በአንድ ወዳጅ አገር፣ የልብስ ፋብሪካ ልብስ ሰፊዎች ይፈልጋል፤ ከአምባሰል አውራጃ የሚሄዱት ግን ጥቂት ናቸው ተባለ። እኔ የአርዲቦ ልጅ፣ ከመሠረተ ትምህርት ያላለፍኩ ኮረዳ ነበርኩ። ሐይቅ ከተማ በረንዳ ላይ በሰው የስፌት መኪና ሱሪ ስሰፋ እውላለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴና ታናናሾቼ እጅ እጄን ነው የሚያዩት። ያ ዕድል ካለፈኝ ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

ሐይቅ በሚገኘው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት አመልካቹ ብዙ፣ የሚጠራው ጥቂት ሆነ። ጓድ ኃላፊው አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አንድ ቀን ደሴ ሄደዋል። በበጋ የጀመርነው ወረፋ ክረምት ገባበት። ዘበኛው ግቢ አያስጠልለንም። እኛም በወፍጮ ቤት ደንብ ተዳደርን። ወፍጮ ቤት ሰው ኬሻውን በተራው አስቀምጦ ወደ ገበያው ይሄዳል፤ የፊተኛው ሲፈጭ ከኋላ ያለው ሰው መጀመሪያ ባለቤቱ የሌለበትን ኬሻ ወደፊት ይገፋና የራሱን ያስከትላል። እኛ ኬሻ ስለሌለን በአጥሩ ሥር ድንጋይ ደረደርን። የኔ ላይ ቀይ ቅዳጅ ጨርቅ አሰርኩበት።

ከኔ ኋላ አያ ደምሴ ነበር። ከግሸን ሥር የመጣ፣ የካህናት ቀሚስ የሚሰፋ፣ ቤቱ ልጅ በልጅ የሆነ ሰው። የሽምብራ ቆሎውን እያካፈለኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ባሕሩን ስታዪ ሐይቃችንን ኩሬ ነው እንዳትዪብን» እያለ ይቀልድብኛል።

ነሐሴ ላይ እናቴ በትኩሳት ወደቀች። እሷን ሳስታምም፣ ኋላም ጅረቱ ሞልቶ አላሻግር ሲለኝ፣ አርዲቦ ሰነበትኩ። የበቆሎ እሸት በደረሰ ጊዜ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ሐይቅ ስገባ፣ ድንጋዬን ቦይ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ቀይ ጨርቁ በሩ ሥር ነው! ከፊቱ ማንም የለም። ከኋላው አያ ደምሴ ጆንያ ተከናንቦ ተቀምጧል።

ዘበኛው ሳቀ። «ዘሀራ፣ ይኼ ሰውዬ አብዷል። የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው፣ ግባ ቢባል፣ ተራው የዘሀራ ነው፣ ትመጣለች ብሎ ድርቅ አለ። ጓድ ራሳቸው ወጥተው፣ ‹ታዲያ ድንጋዩን ልላከው?› አሉት።»

«አንተስ ምን አልክ፣ አያ?»

«ድንጋዩ እዚህ ከደረሰ ባለቤቱ አትቀርም፣ እስከ ዛሬ ማታ ይታገሱኝ አልኳቸው።»

እኔ በተራዬ ሰው ሲገባ ዝም የምል አልነበርኩም፤ ስንቱን ጎረምሳ ኮሌታውን ይዤ አስወጥቻለሁ። ያን ቀን ግን የምይዘው ኮሌታ አጣሁ።

«ዝናቡ የመታው አንተን ነው፤ ልጆችም አሉህ። ወላሂ አልገባም!»

«ወላሂ አትበይ፣ ኋላ ትጾሚበታለሽ» አለና ተነሣ። «ካንቺ ፊት ብገባ፣ ነገ ወፍጮ ቤት የኔን ኬሻ ማን ይገፋልኛል? ግቢ አልኩሽ!»

ገባሁ። መሐላዬን ስላፈረስኩም ሦስት ቀን ጾምኩ።

በዚያ ጉዞ ሰፍቼ ባገኘሁት ገንዘብ እናቴ ቆርቆሮ ቤት ገባች፤ ታናናሾቼ ተማሩ። ስመለስ ሁለት የስፌት መኪና ይዤ መጣሁ። ሌላ ኮታ አልመጣምና አያ ደምሴ እንደቀረ ቀርቷል። አንዱን መኪና በበቅሎ አስጭኜ ወሰድኩለት።

«የድንጋዩ ዋጋ ነው?» ብሎ ተቆጣ።

«አይደለም፣ የሽምብራው ነው» አልኩትና ደጃፉ ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ። ልጆቹ በዚያች መኪና እየሰፉ አደጉ። እሱ ዛሬ የለም፤ ነፍሱን ይማረው። ሀያትን ነርስ ያደረጋት የኔ መርፌ ነው ይላሉ። የኔ መርፌ ብቻውን የት ይደርስ ነበር?

ሀያት ይህን ስትሰማ ስልኳን አነሣችና ለዚያ ሰው ደውላ «ተወው፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» አለችው። አኩርፋኝ እራት ሳትበላ ተኛች፤ ታኩርፍ።

ትናንት ጤፍ ይዤ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ከፊቴ ባለቤቱ የሌለ ኬሻ ቆሟል፤ ከባድ ነው። ወገቤ እንደ ድሮው ባይሆንም፣ በሁለት እጄ ጎትቼ ወደፊት አስጠጋሁትና የኔን አስከተልኩ።