ጨው የማትለይ እህቴ

በእኛ ቤት ወጥ ጨው በዛበት ወይ አነሰው ከተባለ ጥፋተኛ አይፈለግም፤ ታናሽ እህቴ ናት። እናቴ «ምላስሽን ለማን አውሰሽው ነው?» እያለች ትቆጣታለች፤ እህቴ ወጡን እንደያዘች ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ያቺ ሳቂታ ልጅ በዚህ ብቻ ታለቅስ ነበር። ገሳይ ከተማ አጠገብ ባለ የገበሬ ቤት እጇ የማይጣፍጥ ልጅ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቶቻችን፣ እግዜር ይይላቸውና፣ «ይችንስ ማን ያገባታል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ደግነቱ ሁዳዴ ይመጣል። በጾም ቅዳሴ ሳይወጣ ወጥ የሚቀምስ የለም፤ ሁሉም ጨውን የሚጨምረው በግምት ነው። የባለሙያዎቹም ወጥ አንድ ቀን ጨው ይበዛበታል፣ አንድ ቀን ጭራሽ የለውም፤ እህቴን ለይቶ የሚቆጣት አይኖርም። ከቅዳሴ መልስ ገበታውን ከበን ያገኘነውን ሽሮ እየበላን ስንሳሳቅ እሷም ትስቃለች። ያ ሰሞን እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

በኋላ ደብረ ታቦር ባዮሎጂ ስማር መምህራችን ስለ አይጦች አነሳልን። አንዲት ጂን ስትለወጥ፣ ምላሳቸው ላይ ጣዕም የሚለዩት ጥቃቅን እምቡጦች በወጉ ሳያድጉ ይቀራሉ፤ አይጧ ጣፋጩን ከመራራው አትለይም። እህቴ አይጥ አይደለችም፣ ሐኪምም አላያትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም። ቅዳሜ መኪና ተሳፍሬ ቤት ገባሁና ለእናቴ ነገርኳት፤ ስንፍና ሳይሆን አብሯት የተወለደ ነገር ሊሆን ይችላል አልኳት።

የአይጥ ነገር ያስቃታል ብዬ ነበር። እሷ ግን እህቴን ጠራቻት።

«ማሩስ?» አለቻት።

ለካ እናቴ ማር በተቆረጠ ቁጥር፣ የተቆጣቻትን ለመካስ፣ ከሌሎቻችን ደብቃ እሷን ብቻ ታጎርሳት ኖሯል።

«ጣፈጠሽ ወይ ስልሽ አዎ ትይኝ አልነበር?»

እህቴ አንገቷን ደፋች። «ጣዕሙንስ አላውቀውም፣ እማየ። ስታጎርሽኝ ግን አትቆጪኝም ነበር።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ማታ ወጡ ሊወጣ ሲል ሄዳ ጨውን ቀመሰችላት፤ ከጾም ቀን በቀር እስክትሞት ድረስ ስትቀምስላት ኖረች።