በጥቁሩ ገንዳ ዙሪያ የለጠፍኩት ነጭ ሴራሚክ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መዶሻም ውሃ ልክም አልተሰጠኝም። ካቦዬ ጋሽ መኩሪያ አንድ ክፍል በር ላይ አቆሙኝና «መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?» አሉኝ። መስኮቱን አልኳቸው።

«እንግዲህ ከመስኮቱ ሥር ያለው መስመር ከተጣመመ ሰው ሁሉ ያየዋል። ከበሩ ጀርባ ከተጣመመ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን።»

ቀኑን ሙሉ ከበር በር ስቆም ዋልኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ የደከመው እጄ ሳይሆን እግሬ ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን መጀመሪያ ነው። የግንበኞች ማኅበራችን ከአዲሱ ገበያ ብዙም አይርቅም። ሰው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይገባል፣ ረዳት ይሆናል፣ ከዚያ ለጣፊ፣ ዕድል ከቀናው ካቦ። እኔ ለጣፊ ለመሆን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሴራሚክ እለጥፋለሁ፣ ሊሾ እሠራለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ።

ለጣፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት ጉለሌ፣ ጋሽ ደስታ ከሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ቤት ተላክሁ። አገር ለቀው የሄዱ ፈረንጆች ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ አንድ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ገዝተዋል። ገንዳው ወፍራም ብረት ነው፤ ውስጡም ውጭውም ጥቁር። ስድስት ሰው ተሸክሞ አስገብቶታል። እኔ የደረስኩት ቧንቧው ከተገጠመ በኋላ ነው። የቀረው ግድግዳውና ወለሉ ብቻ ነበር።

ገንዳው የተገዛው ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ ነው። ጉልበታቸውን ይታመማሉ። ድሮ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጡ ነበር፤ አሁን ዳገቱን አልቻሉትም። ሐኪሙ ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀመጪ ብሏቸዋል። ገንዳው ቤት ከገባ ግን ወር አልፎታል፤ እሳቸው አንድም ቀን አልገቡበትም።

«እኔ በእግሬ ሄጄ እዚህ ውስጥ አልገባም» አሉኝ፣ ከበሩ ላይ ሆነው። «የሬሳ ሣጥን ነው የሚመስለው።»

«ሣጥን እንዲህ አይከብድም» አሉ ጋሽ ደስታ።

«ተሸካሚው ስድስት ነበር። እኔስ ቆጥሬያለሁ።»

ጋሽ ደስታ ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ግቢው ውስጥ ለአጥር አስጠርበውት የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ተከምሯል፤ እሱ ላይ ተቀመጡ። «ሌሊት ስትገላበጥ ሕመሙ ያስነሳታል» አሉኝ። «ብቻ እንድትገባ አድርግልኝ። ሌላው ያንተ ጉዳይ ነው።»

እኔ ወዲያው ወሰንኩ። ገንዳው ከጠቆረ ክፍሉ ይንጣ። የቀበሌ ደብዳቤ ይዤ መጋዘን ሄድኩና ነጭ ሴራሚክ ጠየቅሁ። ዕቃ ጠባቂው ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ዕድለኛ ነህ ጓድ፣ ያለውም ነጭ ብቻ ነው» አለኝ።

አራት ቀን ለጠፍኩ። መስመሩ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ኮርኒሱንም ነጭ ቀባሁት። በአምስተኛው ቀን እትዬ አስካለን ጠራኋቸው። አዩ፣ አማተቡ።

«አሁንስ ጭራሽ ገነዛችሁት» ብለው ተመለሱ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ነጩ ጥቁሩን አጉልቶት ከገንዳው በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር አልነበረም። 

ለጋሽ መኩሪያ እንደሆነው አድርጌ ነገርኳቸው። መጥተው አዩ፣ መስመሩን በውሃ ልክ ፈተሹ።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ሴትየዋን ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?»

«ምንም አልጠየቅኋቸውም።»

«ታዲያ ለማን ነው የለጠፍከው?»

እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ጠበል ሲጠመቁ እንዴት ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ድንጋይ አለ። እሱ ላይ ቁጭ ነው።»

«ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው?»

«ድንጋይ ነዋ፣ ልጄ። ጥቁር።» ቢላቸውን አስቀመጡ። ጋሽ ደስታ አጠገባችን እንደሌሉ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጥቆሩስ ይሁን። ጠርዙን አላየኸውም? እግሬን ያን ያህል አነሣለሁ? ብወድቅስ? እሱ ይህን ያህል ለፍቶ ያስገባውን ዕቃ፣ አልችልም ብዬ እንዴት ልንገረው?»

ገብቼ ጠርዙን ለካሁት። ከእኔ ጉልበት በላይ ነበር። በገንዳው ዙሪያ ያለውን ግድግዳ ሁሉ ለክቼ ጽፌያለሁ፤ ይህን ግን አልለካሁም።

ከገንዳው ጠርዝ በላይ ያሉትን ሁለት ረድፍ ሴራሚኮች በመሮ አነሣሁ። ገሚሱ ተሰበረ። በቦታው ያንን የአጥር ድንጋይ በስሱ አስጠርቤ ገነባሁ። ከገንዳው ጎን ከዚያው ድንጋይ ሰፊ መቀመጫ ሠራሁ፤ ከመቀመጫው ሥር አንድ ደረጃ። ወለሉን ግራጫ ሊሾ አደረግሁት። ነጩ ወደ ላይ ቀረ። ገንዳው ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ ዓይን መያዙን ተወ።

በመጨረሻው ቀን ጋሽ ደስታ በርሜል ሙሉ ውሃ በባሕር ዛፍ እንጨት አፍልተው በባልዲ እያመላለሱ ገንዳውን ሞሉት። እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ወጡ፣ መቀመጫው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

«ጠበል ነው እንዳትሉኝ ብቻ» አሉ። «ጠበል ጠበል ነው። ይሄ ሙቅ ውሃ ነው።»

«ማን ጠበል ነው አለሽ?» አሉ ጋሽ ደስታ።

«በሉ ውጡና በሩን ዝጉት።»

ወጥተን በርሜሉ አጠገብ ቆምን። መሣሪያዎቼን ከረጢት ውስጥ እየከተትኩ ነበር። ጋሽ ደስታ ሲጋራ አውጥተው ሳይለኩሱት ያዙት። መሣሪያዎቼን ከትቼ ጨረስኩ። ከዚያ ውሃ ተንቦጫረቀ።

«ደስታ» አሉ ከውስጥ። «ቀዝቅዟል። ጨምር።»

ጋሽ ደስታ ባልዲውን አንሥተው ሮጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መታጠቢያ ቤት ሠርቻለሁ። ጥቁር ዕቃ ባለበት ክፍል ዙሪያውን ነጭ አላደርግም፤ ጥቁሩን ያጎላዋል። ቀለም ከማዘዜ በፊት ደግሞ የሚታጠበውን ሰው አነጋግራለሁ፤ ዕቃውን የገዛለት ሰው በሌለበት።