ሦስት ቀን ያልተረጎምኩት ቃል

እንግሊዝኛ ለሞተ ሰው የቤትና የቢሮ ቃል አለው። የቢሮው «ዲሲስድ» ይባላል፤ ሟች ማለት ነው። ሆስፒታል፣ ፖሊስና ኢንሹራንስ ይጽፉታል እንጂ እናት ስለ ልጇ ስታወራ አትጠቀምበትም። ሥሩ ላቲን ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ሄደ» ብቻ ነበር። ሰበታ ውስጥ ይህን ለተማሪዎቼ ስዘረዝር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር። አሁን ትምህርቱ ላይ ስንደርስ እዘለዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አዴ፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሴት ልጃቸው አረብ አገር የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከደወለች ወር አልፏታል። የማያውቁት ሰው የደብዳቤ ፎቶ በስልካቸው ልኮላቸዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ቲቸር። እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

ከልጅቷ ስም ፊት ያ ቃል ተጽፏል።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የዕድር ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ንጋት ላይ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። አስተማሪ በዕረፍት ሰዓት ቆሞ የሚያረዳው ነገር አይደለም። ስለዚህ የማላውቀው ቃል ስላለበት መዝገበ ቃላት ማየት አለብኝ አልኳቸው። ወዲያው አመኑኝ፤ ያ ነው ያሳፈረኝ።

በዚያው ቀን ለዕድሩ ዳኛ ነገርኩ። ሱሉልታ የሚኖረው የአዴ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሩቅ አገር ሄዷል። እሱ እስኪመለስ ትንፍሽ እንዳትል ተባልኩ።

አዴ ማክሰኞም መጡ፤ ቃሉ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ረቡዕ ደግሞ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ልጅቷ ትመጣለች የሚል ወሬ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሳቁ። መላው ጠፍቶኝ ስለ እንግሊዝኛ ክብደት ቀባጠርኩ። ዳቦውን ቆርሰው ሲሰጡኝ ብቻዬን መብላት ከበደኝና፣ «አዴ፣ እርስዎም ይብሉ እንጂ» አልኳቸው። በሉ።

ሐሙስ ንጋት ላይ፣ ወንድማቸው ከገባ በኋላ፣ ተሰብስበን በራቸውን አንኳኳን። ከፍተው የቆመውን ሰው ሲያዩ ማንም ሳይናገር ገባቸው። ሴቶቹ ሳይይዟቸው በፊት መሬት ላይ ወደቁ። እኔ ፈሪው ከኋላ ቆሜ ነበር።

ከቀናት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ላጽናናቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙ። ዕንባቸው አልቋል።

«ሥርዓት መሆኑን አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔም ለሌላ ሰው እንዲሁ ደብቄ አውቃለሁ። ዝም ብትለኝ አልቀየምህም ነበር። አንተ ግን ልጄ መሞቷን እያወቅክ፣ ይብሉ አልከኝ።»